ያንተው ካዱር

ሙሉሰው፣

ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ልብሱን ከገመድ ላይ አስገባ፣ ደመናው ጠቁሯል።

ካዱርህን፣ እናትህ የሚያውጡኝን ክኒን፣ አገኘሁት። አዲሱን ጠርሙስ እንደ ፊተኞቹ ወረቀቱን ሳትልጥ መሳቢያ ውስጥ ረስተኸዋል። «አንቲኦክሲዳንት፣ ለግቫሪም፣ ለዘር ጥራት» ይላል። ለወንዶች! ዕብራይስጥ የማላነብ መሰለህ እንዴ? ዶክተሩ ብቻህን ያስገባህ ዕለት ምን እንደነገረህ አሁን ገባኝ።

«ለሚስቴ ነው የታዘዘው» ብለህ ለእናትህ ሰጠሃቸው። እሳቸው ፊደሉን አያውቁት፣ አመኑህ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ከውሃ ጋር ይሰጡኛል፣ እውጣለሁ። ፋብሪካ እስክደርስ አፌ ብረት ብረት ይላል፣ አውቶቡስ ውስጥ ያቅለሸልሸኛል። ያን ቀን ማጠቢያው ላይ ሳስመልስ እናትህ «ተመስገን፣ ፀነሰች!» ብለው ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ላለ ዘመድ ሁሉ ደወሉ። አንተ አጠገባቸው ቆመህ ነበር። ያስመለሰኝ ያንተ መድኃኒት መሆኑን እያወቅህ ፈገግ አልክ። ትውከቱን ጠርጌዋለሁ፤ ያ ፈገግታህ ግን እስካሁን ያቅረኛል።

መሃን መባል እንዴት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፣ ሲሉኝ የከረሙት እኔን ነው። ብትነግረኝ ኖሮ ለማንም አልተነፍስም ነበር።

እህቴ ጋ ነኝ። አትደውል።

እናትህ ከጎረቤት ሲመለሱ፣ ለማን እንደታዘዘ አንተው ንገራቸው። አንዷን ፍሬ ከውሃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

እሳቸው እያዩህ ዋጣት።

ደብሬ