ከቀብሩ በኋላ የወጣው የአባታችን ጽሑፍ

ለውድ እህቴ ለእታለም የብርጓል ቢያዝን፤

እንደምን ሰንብተሻል? ከሄድሽ ወዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? እህል ይገባልሻል? ጋሽ አዘዘ ደኅና ናቸው? ትንሿ ፀሐይወርቅስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመናል። እናታችን የአባታችን ወንበር ላይ ማንንም አላስቀምጥ ብላለች እንጂ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀምራለች። እኔም ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አይሄድም።

እታለም፣ የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል።

ባለፈው ሳምንት ጋዜጣው ሲመጣ አባታችን ዕቃ እየፈተኑ ይጽፉበት በነበረው «ሳይገዙ ይወቁ» ዓምድ ሥር ስማቸውን አየሁ። ከቀበርናቸው ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። መጀመሪያ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ፤ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ አነበብሁት። አቶ አንዳርጋቸው ሱቃቸው ውስጥ የደረደሩትን አዲስ ሬዲዮ ያወድሳል። ሦስት ሌሊት ጣና ዳር አሳድሬው ድምፁ አልተለወጠም ይላል።

አባታችን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ፋኖስም ይሁን ቴፕ ሐይቁ ዳር አሳድረው እርጥበት ሳያስመቱ ስለ አንድ ዕቃ አንዲት መስመር ጽፈው እንደማያውቁ አንቺም ታውቂያለሽ። ያ ሬዲዮ ግን ከተማችን የገባው አልጋ ከያዙ በኋላ ነው። ደጅ ሲወጡ እንኳ ደግፌ የማወጣቸው እኔ ነበርሁ። መቼ ነው ጣና ዳር የወረዱት?

አቶ አንዳርጋቸው በሠልስቱ ዕለት አንዱን ሬዲዮ ከነካርቶኑ አምጥተው ማጽናኛ ነው ብለው ትተው ሄደዋል። ያኔ ደግነት መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ አርባው ሳይወጣ በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንደማይከፈት አሳምረው ያውቃሉ። እኛ እስክንከፍተው እሳቸው ሸጠው ይጨርሳሉ።

ስለዚህ ለእናታችን ሳልነግር ጎረቤታችን ጋሽ ኑርሑሴን ዘንድ ወሰድሁት። የግቢያቸው ጫፍ ሐይቁ ስለሆነ እዚያው አሳደርነው። በሁለተኛው ጠዋት ስንከፍተው የዜና አንባቢው ድምፅ እንደታነቀ ሰው ይቆራረጥ ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነት ይኼስ ጉንፋን ይዞታል፣ ዝንጅብል አፍሉለት ብለው ሳቁ። ጋሽ ኑርሑሴን ግን አልሳቁም። አባትህ ይኼን አመሰገነ? አንተ ልጅ፣ እጁን ማን ይዞ አጻፈው? አሉኝ። በሦስተኛው ጠዋት ጭራሽ ዝም አለ። የባትሪ ድንጋዩን በአዲስ ብንቀይረውም ያው ነው።

ልጃቸው ግንባር ያለው ወይዘሮ አገርነሽ የጦሩን ወሬ ለመስማት ብለው፣ በዚያ ጽሑፍ አምነው ያንኑ ዓይነት ሬዲዮ ገዝተዋል። ትናንት ደጃችን ቆመው፣ መቼም ቢያዝን አይዋሽም፣ አከፋፈቱን አላውቅበት ብዬ ይሆናል፤ እስቲ አሳየኝ ልጄ ብለው ለመኑኝ። እታለም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የአባታችንን ጽሑፍ እዚያ ከፖስታ ቤት ተቀብለሽ ለጋዜጣው የምታደርሺው አንቺ ነሽ። በሠልስቱ ዕለት ከአቶ አንዳርጋቸው ጋር ከድንኳኑ ጀርባ ቆማችሁ ስታወሩ አይቻለሁ፤ ስጠጋ ወሬ ቀየራችሁ። ስትሄጂም ዓምዱን አንተ ትወርሰዋለህ፣ ሰው አታስቀይም እንጂ አልሽኝ። ምክር መስሎኝ ነበር። የጋዜጣው ሰዎች ይሆናሉ እላለሁ፤ ደግሞ እነሱ የአቶ አንዳርጋቸውን ሱቅ ከየት ያውቁታል እላለሁ። እህትን መጠርጠር ኃጢአት ነው ብዬ ራሴን እገሥጻለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ተመልሼ እዚያው ነኝ።

ስለ ሬዲዮው ያየሁትን በራሴ ስም ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በቀጥታ ለጋዜጣው መላክ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ በአንቺ በኩል አደረግሁት። አንድ ቃል ሳትነኪ በእጅሽ አድርሺልኝ። ከወጣ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ካልወጣ ግን ለተዝካሩ ስትመጪ የምንነጋገረው እናታችን ፊት ነው።

ጋሽ አዘዘን ሰላም በይልኝ። ፀሐይወርቅን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። ጋሽ ኑርሑሴንና እትዬ ዘይነት እግዜር ያጽናሽ ብለውሻል። እናታችን ትስምሻለች፤ ከዚህ ነገር አንዳች አልሰማችም። መልሱን በስሟ አታድርጊው፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ ታስነብበዋለች። በትምህርት ቤቴ በኩል ላኪልኝ።

ወንድምሽ መርስዔ ኀዘን ቢያዝን

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.