በርክክቡ ወረቀት ላይ ሁለት ነበሩ

ሰኞ

ኤክስሬዩ አልከፈት አለ። ካርዱም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም፣ ሁሉም ቀጥ። ሃምሳ ደቂቃ። ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ አባት ከጭነት መኪና ወድቀው ድንገተኛ ክፍል ተኝተዋል። ፎቶው ተነስቷል፣ ሐኪሙ ግን ሊያየው አልቻለም። ዝም ብሎ መጠበቅ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ጠሩኝ። «አንዱ መንገድ ቢቆም ሌላው ይሸከማል ብለሽ አልነበር?» ብዬ ነበር። ዕቅዱ የኔ ነው። የሆስፒታሉ ፋይል ሁሉ ያለው አንድ ትልቅ የዲስክ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሮቹ እዚያ የሚደርሱት በሁለት ስዊች፣ መስመር በሚያገናኙ ሁለት ሣጥኖች፣ በኩል ነው። ኬብላቸው ለየብቻ፣ መብራታቸው ለየብቻ። አንዱ ቢሞት ሐኪሙ ሳያውቀው ሌላው መቀጠል አለበት።

የአይቲ ክፍሉ አንጋፋ ጋሼ ግርማ ሰርቨር ክፍሉ ገብተው አስነሱት። «አንቺ ስልኩን መልሺ፣ እኔ እገባለሁ» አሉኝ። እኔም የዋሂቱ ስልክ ስመልስ ዋልኩ።

ማክሰኞ

የሰርቨር ክፍሉን ከፈትኩ። ስዊቹ አንድ ነው። የሁለተኛው ቦታ ባዶ። የሁለቱም መንገድ ኬብሎች እዚያው አንዱ ላይ ተሰክተዋል። ለዚህ ነው ኮምፒውተሬ «ሁለት መስመር፣ ደህና» እያለ ሲያሳየኝ የከረመው። ሰኞ ያ አንዱ ሲቆም ሁሉም አብሮት ቆመ።

ከወሊድ ፈቃድ የተመለስኩ ዕለት ጋሼ ግርማ የርክክቡን ወረቀት አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ስዊች፣ ሁለት፣ የሚሠሩ።» ልቁጠር ማለት አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ፊት? ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ለሰርጌ በሟች አባቴ ቦታ ቆመው የመረቁኝ ሰው ናቸው። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ። አሁን የጎደለው በኔ ፊርማ ነው።

ጠየቅኳቸው። አልካዱም። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠሩበት፣ ሸዋ በር አካባቢ ያለ ክሊኒክ ስዊች ተቃጥሎበት «ለሳምንት ብዬ አዋስኳቸው» አሉ። አራት ወር ሆኖታል። «ልጄ፣ ያኛው እኮ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ነው» አሉኝ። ሥራው መጠበቅ እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለኔ ነው።

የሚያንገበግበኝን ልጻፈው፦ ስዊቹን መውሰዳቸው። መብራቱ አረንጓዴ እንዲሆን ኬብሉን አንድ ላይ መሰካታቸው። እያወቁ ማስፈረማቸው። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሲቆጡኝ አጠገቤ ቆመው ጫማቸውን ማየታቸው። የመጨረሻው ነው ከሁሉ የባሰብኝ።

ከድንገተኛ ክፍል ሲስተር ፈቲያ ደወለችልኝ። «አብሽሪ፣ ሰውየው አልሐምዱሊላህ ነቅተዋል፤ ሾርባ ጠጡ።» ከሰኞ ወዲህ ምሳ የበላሁት ዛሬ ነው።

ሐሙስ

ልጄን ልወስድ ፈላና በር እናቴ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ግርማ ቀድመውኝ መጥተው ሄደዋል።

«ዕቃውን እመልሳለሁ ብሏል» አለች እማዬ። «ጡረታው ሲደርስ ከእንጀራው አታፈናቅይው። ጥፋቱን አንቺ ያዢው።»

«የኔ እንጀራስ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ታገኛለሽ።»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ዓርብ

ለሥራ አስኪያጁ የማስገባውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ ሳላይ መፈረሜን አስቀመጥኩ፣ ከዚያ የቀረውን። ሥራ አስኪያጁ አንብበው «ለምን ሳትቆጥሪ ፈረምሽ?» አሉኝ። «አፍሬ» አልኩ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል። ጋሼ ግርማ ስዊቹን ነገ መልሰው፣ ክፍሉን እንደገና አስረክበውኝ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ፤ ጉዳያቸውም ይታያል።

ከሥራዬ አልተባረርኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ

ስዊቹ መጣ። በቦታው አስገብቼ ኬብሉን ለየብቻ መለስኩት። ዛሬ አረንጓዴ መብራት አላምንም፤ ሲስተር ፈቲያ ኤክስሬዮችን አከታትላ እንድትከፍት ነግሬ የመጀመሪያውን ስዊች ነቀልኩ። «ይከፍታል» አለች በስልክ። እሱን መልሼ ሁለተኛውን ነቀልኩ። «አሁንም ይከፍታል፤ ምን እያደረግሽ ነው?»

ከዚያ ርክክቡ። ጋሼ ግርማ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ጋሼ፣ አንድ በአንድ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ እኔም ቆሜ ምልክት አደረግሁ። ሲጨርሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሞላ?»

«ሞልቷል።»

ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።