ክንፏን የምትጎትተው ወፍ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የቦዲቲ ብርድ አልጎዳዎትም? ትርፌና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ከዚያች ከጨጓራዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላምዎም ደህና ናት፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውዎታል።

በስልክ ብነግርዎት ደስ ባለኝ። ግን ልጅዎ ትርፌ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታገናኘን፤ እኔ እዚህ ሳልጨርስ ወሬው እዚያ ሰፈሩን ይዞራል። እወዳታለሁ፣ እንዳይነግሩብኝ። ስለዚህ ወንጌላዊ ቃለሕይወት ለስብከት ወደ እናንተ ሲመጣ ይህን ሰጥቼዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው ለብቻዎ ያንብቡት።

ባለቤቴ፣ ልጅዎ ኤርካሎ ከተቀበረና እርስዎም ወደ ትርፌ ከሄዱ ወዲህ፣ ወንድሙ ኤልሳዕ እየተመላለሰ ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ ያያል። ጫካ ሆኖ ከሚቀር ቤት ልሥራበት ይላል። ስለ እኔም፣ እሷ እንደሆነ ወጣት ናት፣ ልጅም የላት፣ ነገ ወደ በዴሳ፣ ወላጆቿ ዘንድ ትመለሳለች ማለቱንም ሰማሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ይዞ በኪራይ ቤት መኖር መርሮታል። ቢሆንም አንጀቴ አረረ። ኤርካሎ የተቀበረበትን ቀዬ ትቼ የት እሄዳለሁ?

ንዴቴን ያውቁታል፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ቁጥቋጦውን እኔው አስመንጥሬ እንሰት እተክልበታለሁ አልኩትና ደቦ ጠራሁ። ጎደሬ ቀቅዬ በዳጣ አቀረብኩ። የሰፈሩ ወንዶች ጸልየው፣ በልተው፣ ገጀራቸውን ይዘው ገቡ። ኤልሳዕም አብሮ መጣ።

ገሚሱን እንደመነጠሩ ያቺ ወፍ ወጣች። ያስታውሷታል፣ ኤርካሎ "ጎረቤቴ" የሚላት፤ ከጥላው ሥር ወደ ላይ የማትወጣ፣ ቅጠል እየገለበጠች ጉንዳንና ትል የምትለቅም ትንሽ ቡናማ ወፍ። አንድ ክንፏን መሬት ላይ እየጎተተች ትንፏቀቃለች። ወንዶቹ ተመታች ብለው እየሳቁ ተከተሏት። ሲጠጓት ፈንጠር እያለች እስከ አጥሩ ወሰደቻቸው።

እኔ ግን ኤርካሎ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ምንም አልሆነችም። ሰው ጎጆዋ አጠገብ ሲደርስ የታመመች መስላ ዓይኑን ወደ ራሷ ትወስዳለች። ከወጣችበት ሄጄ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ሁለት እንቁላል። እማዬ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ተውት አልኳቸው። ጉዱ ያኔ መጣ። የበላ ደቦ ሥራውን ሳይጨርስ ከተመለሰ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጉልበታችሁን ንቄዋለሁ እንደማለት ነው። ሁለተኛ ብጠራ ማን ይመጣልኛል? ኤልሳዕ፣ ለወፍ ብላ ሥራ የምታስቆም ሴት ናት ማሳ የምታስተዳድረው ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አፈርኩ፤ ግን ከቁጥቋጦው ፊት አልተነሳሁም።

ያዳኑኝ የደቦው አለቃ አቶ ጦና ናቸው። ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ሆዴ ላይ ያሳረፍኩትን እጄን አዩ። ምን እንደታያቸው እንጃ። ወደ ወንዶቹ ዞረው የበላነው የማንን ጎደሬ ነው ብለው ጠየቁ። እንግዲያው ያበላችን የምትለውን እንሠራለን አሉና፣ በጎጆው ዙሪያ እንጨት አስተክለው የቀረውን አስመነጠሩት። ችግኙንም ደቦው ራሱ ተከለልኝ። የመጀመሪያውን እንሰት ማን እንደተከለ ብነግርዎት አያምኑም፤ ኤልሳዕ ነው። አቶ ጦና ፈገግ ብለው ችግኙን አስጨበጡት፣ እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ሰው በገዛ እጁ የተከለውን አይነቅልም። ሲሄድም ቻው ብሎኝ ነው የሄደው፤ እኔም ለልጆቹ ጎደሬ ቋጥሬ ሰጠሁት።

አሁን ጫጩቶቹ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት እንሰቱን ለማየት በዚያ ሳልፍ እናትየዋ ክንፏን አትጎትትም። ለምዳኛለች።

ትርፌ ስለ ጨጓራዬ ከጠየቀችዎ ያው ነው ይበሏት። ቶሎ የተወራ ነገር ከዚህ በፊት እንዴት እንዳስለቀሰን እርስዎም አይረሱትም። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ኤርካሎን ያዘሉበትን ማዘያ፣ ከሣጥንዎ ሥር ያለውን፣ ለማንም አይስጡብኝ። ክረምቱ ሲወጣ ይዘውልኝ ይምጡ።

ጌታ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ጸሎትዎ አይለየን።

ከቤትዎ ያልወጣችው ልጅዎ