የሱራያ ግራ ጉንጭ

ጥር 3 ቀን 1976
ገበያው ቀዝቅዟል። ስኳር አልመጣም፤ ጨው ብቻ። ሱራያ ዛሬም ጓሮ ስታፏጭ ዋለች። ገና ስምንት ዓመቷ ነው፣ ፉጨቷ ግን የሾፌር። ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ሲመሽ ደግሞ እባብ ይጠራል ብዬ ተቆጣሁ። አቆመች... ዞር ስል ቀጠለች። ማንን ወጥታ ነው? እናቷን መሆን አለበት። ነገ ደጋ ወጥቼ ለቡሌ ሱቆች ጨው ላደርስ ነው፤ ካልወሰድከኝ ብላ አለቀሰች። እሺ አልኩ።

ጥር 6
ጠዋት ሻዩ በአፏ ግራ በኩል ፈሰሰ። የምትቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁ። ቀና ስትል... ግራ ፊቷ አይንቀሳቀስም። ዓይኗ አይከደንም፣ ከንፈሯ ወደ ቀኝ ሄዷል።

ሚስቴ ረህማ ወዲያው ፈረደችብኝ። ከቡሌ ስትመለሱ የመኪናውን መስኮት ከፍተህ ነፋስ አስመታሃት አለች። እኔም አላረፍኩም፤ እናት ሆነሽ ፉጨቷን ዝም ስላልሽ ጂን መታት አልኳት። ልጅቷ መሃላችን ቆማ አንድ ዓይኗን እያርገበገበች ታየናለች።

ጥር 7
ሐኪም ቤት። ዶክተር ተክለጻድቅ ጆሮዋን አየ። ቅንድብሽን አንሺ፣ ጉንጭሽን ንፊ፣ ጥርስሽን አሳዪ አላት። የፊት ነርቭ ነው፣ ነፋስም ጂንም አይደለም አለ። (ረህማ በኋላ፦ "እሱ ቡሌን የት ያውቀዋል?") ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ሰጠን።

ይመለሳል ወይ አልኩት።

"የአብዛኞቹ ልጆች ይመለሳል።"

አብዛኞቹ... እኔ አብዛኞቹን አልወለድኩም። ቁርጡን ይንገሩኝ አልኩት። ሰውዬው ታጋሽ ነው። "የከንፈሯን ጫፍ ይዩ፣ አቶ ነጅሙዲን። ትንሽ እንቅስቃሴ ቶሎ ከታየ ምልክቱ ጥሩ ነው። ከቆየ ግን እንነጋገራለን።" ይቺን "እንነጋገራለን" እስከ ቤት ድረስ ሳመላልሳት መጣሁ።

ጥር 13
ሰፈሩ ሁሉ ነቢይ ሆነ። አንዱ ጨረቃ ስትወጣ ይለቃታል ይላል፣ ሌላው እንዲሁ ትቀራለች ይላል። ማን ጠየቃቸው? ሙሉካ፣ የጪጩው ቡና ገበሬ ደንበኛዬ፣ ልጅቷን ብዙ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

"የኔ ፍየል እንዲህ ሆኖ ነበር።"

ዳነ ወይ አልኩት፣ በጉጉት።

"ታረደ።"

ጨውን ሰጥቼ ሸኘሁት።

ጥር 18
ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። "ጠማማ" ብለዋታል። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቅላዋለች። ረህማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ከጨው ጆንያው ጀርባ። ጨው ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩ።

ዶክተሩ ያሠራትን ልምምድ ቤት ጀመርን። ቅንድቤን አነሳለሁ፣ ጉንጬን እነፋለሁ፣ እሷ ትከተላለች። እስኪ አፏጪ ብዬ ለመንኳት። እኔ! ፍፍፍ... አየር ብቻ።

ጥር 22
ጉድ ፈላ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ፈለቀ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ስለ መሠረተ ትምህርት ምዝገባ ማስታወቂያ ያነባል። ሱራያ ከኋላው ናት። ጊዜ አናባክን ብዬ ቅንድቤን አነሳሁላት፣ ጉንጬን ነፋሁ፣ ጥርሴን አሳየሁ። ሰውዬው ቀና ሲል ጥርሴን አገኘው። ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ልጄ በግማሽ አፏ ትስቃለች።

አባትና ልጅ በአብዮቱ ትሳለቃላችሁ አለ። እሁድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርግ ተብያለሁ። ረህማ ለእስር ቤት ብርድ ልብስ አወጣች። ወፍራሙን እንኳ አይደለም።

ጥር 27
ልጄን ማስረጃ አድርጌ ቀረብኩ። የሐኪም ልምምድ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጓድ ፈለቀ አላመነም፤ አሳየን አለ። አሳየሁ። አሁንም አላመነም። ልምምድ ይሁን ፌዝ ለማጣራት ብሎ ራሱ ሞከረው። ቅንድቡ ግንባሩ ላይ፣ ጉንጩ ኳስ አክሎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ማን ደፍሮ ይሳቅ? አዳራሹ መሬት መሬት ያያል።

ሱራያ ብቻ ሳቀች። ስትስቅ... የግራ ከንፈሯ ጫፍ ንቅንቅ አለ።

"ተንቀሳቀሰ!" ብዬ ዘለልኩ።

ጓድ ፈለቀ ጉንጩ ተነፈሰ። "ማን ነው የተንቀሳቀሰው?"

አብዮት ጥበቃዎቹ በሩን ዘጉ። እኔ ምን ገዶኝ፣ እያለቀስኩ ልጄን አቀፍኳት። ሊቀ መንበሩ ጠጋ ብሎ አያት፣ አመነታ፣ ከዚያ ጉንጩን ደግሞ ነፋላት። እሷም ደገመችው። እንቅስቃሴዋ ትንሽ ናት፣ ግን ሰው ሁሉ አየ። ግለ ሂሴ ቀረ።

የካቲት 4
ዶክተሩ ደስ አለው። ቶሎ ስለጀመረ በደንብ ይመለሳል፣ አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ አለ። ረህማ የቡሌ ነፋስ ወጣላት ትላለች። አልተከራከርኩም።

መጋቢት 9
ስኳር መጣ። ሱራያ ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ዓይኗ ይከደናል፣ መስታወቱም ተመልሶ ዞሯል። ጓድ ፈለቀ በሱቄ በኩል ሲያልፍ ግራ ቀኝ ያይና ጉንጩን ይነፋላታል።

ሲመሽ ከጓሮ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ በግራ በኩል ትንሽ አየር ያመልጠዋል... ግን ፉጨት ነው። ሚዛኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ረህማ ተቆጣት እንጂ፣ እባብ ይጠራል አለችኝ።

"ይምጣ" አልኳት።