የጋሼ ክፍሌ ቮልስ የጭስ ምርመራ

ሰኞ

የዛሬውን ክላክስ የነፋሁት እኔ አይደለሁም። የትናንቱን አምናለሁ። የእማዬ የማኅበር ሴቶች ወደ ፓርኪንጉ ሲገቡ በቮልሷ መስኮት እጄን ሰድጄ ነፋሁት። እትዬ በላይነሽ "ጉልበቴ፣ ጉልበቴ" ሲሉ ነው የሚውሉት፤ ትናንት ግን የሮጡትን ሩጫ ሰዓት ይዤላቸው ቢሆን ኖሮ!

ዛሬ ግን እኔ፣ እማዬና አባዬ ሦስታችንም ቁርስ ላይ ነበርን። አንዴ ብቻ ጮኸ፣ አጭር። ጋሼ ክፍሌ እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን "ውረዱ" ሲሉን እንደሚያደርጉት።

ጋሼ ክፍሌ የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ነበሩ። ካረፉ አምስት ሳምንት አልፏል። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። የተዉልን ይህቺን ሰማያዊ ቮልስ ነው፤ በዕድሜ ከአባዬ ትበልጣለች። የእሷ ዕድሜ ያለው መኪና በየዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። የታርጋዋ ጊዜ አልፏል፣ የምሕረቱ ወር ደግሞ አርብ ያበቃል። ካላለፈች የአፓርታማው ማናጀር ያስጎትታታል፤ አባዬ ያ ከመሆኑ በፊት ሞንትቤሎ ሰፈር መኪና ፈታቶ ዕቃውን ለሚሸጥ ሰው ሊሰጣት ነው። "ብረት ናት፣ ምን ታለቅሱላታላችሁ?" ይላል። ማንም አላለቀሰም። ሲናገር ግን ወደ እሷ አያይም።

ማክሰኞ

እማዬ "አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም" ብላ ቆመች። አርባው ቅዳሜ ነው። አባዬ "የታርጋ ቢሮ አርባ አያውቅም" አላት።

እሷም ጸበል ይዛ ወረደች። የፊት ኮፈኑን አስከፍታ ረጨችው። ጋሽ ደስታ፣ አዲስ አበባ መካኒክ የነበሩት የአባዬ ጓደኛ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"ሙሉ፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው እኮ! የባረክሽው ሻንጣ ማስቀመጫውን ነው!"

"ሻንጣውም ይባረክ፣ ምን አገባህ!" ብላ ቀሪውን ከኋላ ረጨችው።

ከዚያ አባዬ ሊያስነሳት ገባ። እግሩ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ትናንት ራሱ ነበር ወደ ፊት የሳበው። ጋሼ ክፍሌ ደግሞ በጣም ረጅም ነበሩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስሜን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ፣ ይገባኛል። ግን እኔ አይደለሁም።

ረቡዕ

ትምህርት የለም፤ ከአባዬ ጋር ወደ ጭስ ምርመራው ሄድኩ። ሽበታሙ መርማሪ ጭስ በሚወጣበት ማርሚታ ውስጥ ቱቦ ከተተ፣ ስክሪኑን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ፌል። ያልተቃጠለ ቤንዚን በዝቶባታል።

ወረቀቱን ሲሰጠን "ረጅሙ ሰውዬስ?" አለ። በየዓመቱ ይዘዋት የሚመጡት ጋሼ ነበሩ።

አባዬ ወረቀቱን ተቀበለው።

"ባለፈው ሳምንት በእግሩ መጥቶ ነበር እኮ። 'ገና አላስተካከልኳትም፣ ወንድሜ ቢያመጣት አትጨክንበት' አለኝ።"

"ባለፈው ሳምንት?" አለ አባዬ።

"ሐሙስ። ወይም አርብ።"

ፒዮሪያ መንገድ እስክንደርስ አባዬ አንድ ቃል አልተናገረም። ከማያውቀው ተሳፋሪ ጋር እንኳ ስለ ዝናብ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ነው። "ሽማግሌው ቀን አምታቶ ነው" አልኩት። "አዎ" እንዲለኝ ነበር።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ደስታ ከቮልሷ ኋላ ተንበርክከዋል። ካቻቪቴ ይዘዋል፣ ግን ምንም አይነኩም።

"ማነው የነካት?" አሉ።

ካርቡራተሯ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን አዲስ ጭረት አላት፣ የሚያብለጨልጭ። ማክሰኞ አልነበረም ይላሉ። አስነሷት። ትናንት እንደ ሳል በሽተኛ ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ሚኒሞዋ፣ ቆማ ስትሠራ የምታሰማው ድምፅ፣ ልስልስ ብሏል። ጋሽ ደስታ ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ። "ይሄ የክፍሌ እጅ ነው" አሉ፣ ወዲያው ደግሞ "እንዲያው አልኩ እንጂ" አሉ።

ተጠርጣሪዎች፦

እኔ። ካቻቪቴ መያዝ እችላለሁ፣ የት እንደሚገባ አላውቅም።
አባዬ። አምፖል ለመቀየር ቪዲዮ ያያል።
እማዬ። ሞተሩ የት እንዳለ ያወቀችው ማክሰኞ ነው።
ጋሽ ደስታ። በማርያም ማሉ።

ሌላ ስም አልጽፍም።

አርብ

አባዬ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብሎ ለትምህርት ቤት ደወለልኝ። ብቻውን መሄድ አልፈለገም፤ አላለም እንጂ ያስታውቃል።

ያው መርማሪ፣ ያው ቱቦ። ስክሪኑን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ብትጎተትም ግድ የለኝም እል ነበር።

አለፈች።

አባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። መርማሪው ከኋላችን "ለረጅሙ ሰውዬ ሰላም በልልኝ!" አለ። ሞቷል ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አለ አባዬ።

የፊት በር ልከፍት ስል ሳያየኝ "ከኋላ ተቀመጪ" አለኝ። ቀልድ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ወንበሩን አጥፌ ገባሁ፣ መልሼ ዘረጋሁት። አባዬ ጎንበስ ብሎ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳበ፣ ቀጭ እስኪል አሰረው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።