የእርከኑ ትናንሽ ንቦች

አየለዬ፣

ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ያን ቀን መጽሐፉን ገለጥኩት እንጂ አላነበብኩትም።

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። በጎቹን ወንድምህ ደምሴ ይጠብቅልኛል፤ ማሳውንም የሚያርስልኝ እሱ ነው። የጋጣው ጣሪያ በጓሳ ሣር እንደገና ተከድኗል። መነጽርህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ አነብብበታለሁ።

ከባቄላው እርከን ሥር ያገኘሃትን ትንሽ ነፍሳት በክብሪት ቀፎ ይዘህልኝ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እርከኑ በጠባብ ጉድጓዶች ተበሳስቶ ነበር። ደምሴ ተማሪ ሳለ ትቶልን ከሄደው የሳይንስ መጽሐፍ እንዳይልህ ጠየቅኸኝ። በራሴ ፊደል በመቁጠሬ በሰው ፊት ትኮራብኝ ነበር። ገጹ ከበደኝ፤ አልገባኝም ለማለት አፈርኩና ተርብ ነው አልኩህ።

«ተርብ እንዲህ ጠጉራም ነው እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከዚያ አመንከኝ። ዛሬ ሞላሌ ከተማ የምታስተምረው ልጃችን ያኔ ገና ዳዴ ትል ስለነበር፣ እንዳይነድፏት ብለህ ጭድ ከምረህ እርከኑን አነደድከው። ከዚያ ወዲያ አንዲትም አላየሁም።

ዘንድሮ ባቄላው ሲያብብ ተመለሱ። መነጽርህን አድርጌ ሳያቸው ሰነበትኩ። መሬት ውስጥ ማር የሚያበጁት ጣዝማ ቢሆኑ ብዙ ሆነው በአንድ በር ይመላለሱ ነበር፤ እነዚህ ግን በየጉድጓዱ አንዲት ብቻ ናት። በኋላ እግራቸው የአበባ ዱቄት ጭነው ይገባሉ፤ ተርብ እንዲህ አይጭንም። የሞተች አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ ያን ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ንቦች ናቸው፣ አየለዬ። እያንዳንዷ የራሷን ቤት ቆፍራ የምትኖር ንብ። የትኛዋ እንደሆነች መጽሐፉ አይናገርም።

ዛሬ ደምሴ የጣዝማ ማር አወጣለሁ ብሎ ዶማ ይዞ መጣ። ንቦች ናቸው፣ የሚቆረጥ ማር ግን የላቸውም አልኩት። ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ለወንድሜ ተርብ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? መጽሐፌ ደግሞ መቼ ተለወጠ?»

 እስከ ነገ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት፤ ዶማውን ደጄ ላይ አስደግፎ ሄደ።

ጠጉራቸውን ያየኸው አንተ ነበርክ። ልክ ነበርክ። ባቄላው ባበበ ቁጥር እዚያ እርከን ሥር ቁጭ ብዬ አስብሃለሁ፤ እርከኑ ከቆየልኝ። እንዲቆይ ደግሞ ይህን ወረቀት፣ ነገ ዶማውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከእጄ ተቀብሎ የሚያነበው ደምሴ ነው።