ከኋላ የተቀመጠችው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ዲሪርሳ፤ ሞያሌ

ኦቦሌሳ ኮ፣ አካም ጅርታ? ጤናህ እንዴት ነው? ጎማ ስታነሳና ስትጥል እየዋልክ ማታ ያሰቃየኛል ያልከኝ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ደራርቱ እንዴት ናት? ኦዳስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም በዳዴ ነው ቤቱን የሚያተራምሰው? የሞያሌ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እማዬ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል እንጂ ደህና ናት። የተፍኪው ጤፋችንም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ አባዬ እንደ ልማዱ ሰው ፊት «እስቲ ይሁን» እያለ ያማርራል፣ ብቻውን ሲሆን ግን እየዞረ ያየዋል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት ብለህ እንደምትገረም አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውል ድምፄን ለደንበኞችህ ሁሉ አሰማሃቸው። ጎረቤትህ ኦቦ ዲኖ ከሱቃቸው ወጥተው «ጀግናዋ!» እያሉ ጮኹልኝ። ፎቶዬን አሳትመህ ጎሚስታ ቤትህ ግድግዳ ላይ እንደሰቀልከው፣ ከሥሩም «እህቴ ዓይነ ስውሯን ተራራ አሻገረቻት» ብለህ በማርከር እንደጻፍክ ነገርከኝ። እኔም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ሲጠራ ለእማዬ አቀብላታለሁ። የምነግርህን ነገር ድምፅህን እየሰማሁ ልናገረው አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ከአፌ ነው። አፌን መቼም ታውቀዋለህ። ኦቦ ቀጄላ እዚህ ሰበታ የብስክሌት ማኅበር ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት አምጥተው፣ ከፊት የሚያይ ከኋላ የማያይ ሰው እያስቀመጡ ያስነዳሉ። ሶያማ ለምትባል ልጅ ከፊት የሚነዳላት ሰው ሲፈልጉ ዳገት ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የወጨጫን ተራራ እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው አልኳቸው። አንተ ብስክሌት ያስተማርከኝ ከሰበታ ተፍኪ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ሜዳ ወጥቼ እንደማላውቅ ካንተ በላይ ምስክር የለም።

ሶያማ በአንድ ፋብሪካ ስልክ ትቀበላለች። ዕድሜዋ ከእኔ ጋር እኩል ነው። ዓይኗ አያይም፣ እግሯ ግን ብረት ነው። እሷን ከኋላ፣ እኔን ከፊት አደረጉንና ሁሉም ሰው «መሪ» ይለኝ ጀመር። መሪ የሚባለው እጄ የጨበጠው ብረት መሆኑን ረስቼ፣ የምር እኔው መሪ የሆንኩ መሰለኝ።

የጉዞው ዕለት ከቡራዩ ተነስተን፣ በመናገሻ አድርገን፣ ወጨጫን ተሻግረን ሰበታ መውረድ ነበረብን። አስፋልቱን እንደምንም ጨረስነው። ወደ ሱባ ጫካ የሚወጣው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ደንቡ ቀላል ነው፤ የደከመው ሰው ደከመኝ ይላል፣ ሁለቱም ወርደው ይገፋሉ። ሌሎቹ እንዲያ አደረጉ፣ ማንም አልሳቀባቸውም። እኔ ግን ከፊቴ ስልካቸውን ደግነው የሚቀርጹ ልጆች አየሁ። ወጨጫ ጓሮዬ ነው ያለ አፍ እንዴት አድርጎ ደከመኝ ይበል?

የዚህ ብስክሌት ፔዳሎች በካቴና የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲረግጥ የሌላው እግር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መርገጡን ተውኩት። እግሬን አስቀምጬ ሶያማ አዞረችልኝ። ይኸውና ነገሩ። በዚህ ብቻ ባቆም ደግ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሼን ሆን ብዬ እያስጮህኩ «አይዞሽ ሶያማ! በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረን!» እላት ነበር። ተሸክማ የምታወጣኝን ልጅ አይዞሽ እላታለሁ። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል።

ወደ አናቱ ስንቃረብ ድንጋዩ ስለበዛ ወርደን በእግር ሄድን። እኔ ብስክሌቱን እገፋለሁ፣ ሶያማ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ትከተለኛለች። መዳፏ በላብ ርሷል። የእኔ ሹራብ ግን ደረቅ ነበር። እጇ ትከሻዬን ትንሽ ዳበሰና ቆመ። እንዳወቀች ያኔውኑ ገባኝ።

ላይ ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ሶያማን ስለ ጉዞው ሲጠይቋት «ኤቢሴ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር» አለች። አንተ ያየኸው ቪዲዮ እሱ ነው። እኔ እዚያ ላይ አንገቴን የደፋሁት ትሕትና መስሎህ ይሆናል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ባሰብኝ። ፍሬኑ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነው። ወደ ግራ ነው፣ ጉድጓድ አለ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ ስላት አንዴም ሳትጠራጠር ትታዘዘኛለች። ዳገቱ ላይ የዋሸኋት እኔ ቁልቁለቱ ላይ ነፍሷን ይዣለሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ እንባ ዓይኔን ከሞላው መንገዱ ይጠፋብኛል ብዬ ነው የተውኩት።

እማዬ ቪዲዮውን ላገኘችው ሁሉ ታሳያለች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰዉ እየሳመ ይመርቀኛል፤ እኔም የሰው ዕቃ ደብቄ እንደያዝኩ ሰው አንገቴን ሰብሬ አልፋለሁ። ለኦቦ ቀጄላ እውነቱን ብነግራቸው ሳቁና «ተይው ልጄ፣ ሕዝቡ አንዴ ደስ ብሎታል» አሉኝ።

በመጨረሻ ሶያማ ቤት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ማለት ስጀምር፣ ስለ እግርሽ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ከጫካው መግቢያ ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ ፔዳሉ ድንገት ሲከብዳት ወዲያው ገብቷታል። ታዲያ ሰው ፊት ለምን አመሰገንሽኝ አልኳት። እሷም፣ ከእኔ በፊት ከፊቷ ትነዳ የነበረች ልጅ፣ ሶያማ ፍሬን ታበዣለሽ ስላለቻት ተቀይማ እንደቀረች፣ ብስክሌቱም ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ እንደከረመ ነገረችኝ። «አንቺንም ባሳፍርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

ዲሪርሳ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምስጋናው ከልቧ የመነጨ ባይሆን እንኳ ከደግነቷ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ እኔን ላለማጣት የከፈለችው ነው። ብስክሌት ላይ ለመውጣት የእኔን ኩራት መሸከም ነበረባት። አፈርኩና ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እኔ አልሆንሽም አልኳት። የተቆጣችው ያኔ ነው። «አሁንም ስለ ራስሽ ነው የምታወሪው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ኀፍረቴን ይዤ ቤቴ ብገባ፣ ቆሞ የሚቀረው የእሷ ብስክሌት ነው።

ስለዚህ አልቀረሁም። ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ሄደን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ሞከርን። መሀሉ ላይ ደከመኝ አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ወርደን ስንገፋ አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቀስ አለና ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ለእኔ ነው እንግዲህ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ!» አለኝ። ሶያማ ሳቋ ገንፍሎ ኮርቻው ላይ ተደፋች። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ቀላ።

ደራርቱን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሻሽ በየእሁዱ አስረዋለሁ በላት። የኦዳን ሁለቱንም ጉንጮች፣ እየነከስክም ቢሆን፣ ሳምልኝ። እማዬና አባዬ ለገና ካልመጣህ አንታረቅም ብለዋል። ይህን ጉድ ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ ካንተ ጀምሬ ወደ እሷ እመጣለሁ። ኦቦ ዲኖንም በአክብሮት ሰላም በልልኝ፤ ጩኸታቸው ግን ለእኔ እንደማይገባ ንገራቸው።

ፎቶውን አታውርደው፤ ሶያማ አለችበት። ጽሑፉን ብቻ አጥፋና «ሶያማ እህቴን ተራራ አሻገረቻት» ብለህ ጻፍልኝ። ኦቦ ዲኖ ሶያማ የትኛዋ ናት ብለው ከጠየቁህ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ናት በላቸው።

እህትህ ኤቢሴ
ሰበታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.